ስምንተኛ ፎቅ በደረጃ፦ የአንድ የፓኒክ ሕመም የጉዳይ ጥናት

ተገልጋዩ የ41 ዓመት ጎልማሳ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። ለገሃር አካባቢ ባለ ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ በሂሳብ ሠራተኝነት ይሠራል፤ የሚኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ወደ ምክር ክፍሌ ይዛው የመጣችው ታላቅ እህቱ ነች። ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቃዳቸውን ሰጥተውኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ዝርዝሮች ተለውጠዋል፣ የሕመሙ አካሄድ ግን እንደነበረ ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በሥነ ልቦና ሕክምና ውስጥ ዘወትር የምንጠቀምባቸው ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ሰው ኑሮ ውስጥ ምን እንደሚመስሉ አጥርቶ ስለሚያሳይ ነው። ከዚህም ይበልጥ ግን ቤተሰቦች አንድ ነገር እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ይህን ሰው ከአንድ ዓመት በላይ ያሰረው ፍርሃቱ ብቻ አልነበረም፤ ከፍርሃቱ ለማምለጥ እሱ ራሱና የሚወዱት ሰዎች የወሰዱት ጥንቃቄ ነበር።

የመጣበት ምክንያት

እህቱ ገና ከመቀመጧ የተናገረችው ስለ ልቡም ስለ ጭንቀቱም አልነበረም። «የሰው ለቅሶ መድረስ አቅቶታል» አለች። እሱ አንገቱን ደፋ።

ከሳምንታት በፊት በአንድ ብሎክ የሚኖሩ አዛውንት ጎረቤታቸው አርፈው ነበር። የተገልጋዩ አባት በሞቱ ጊዜ ከእድሩ ድንኳንና ወንበር ያስመጡት፣ ሦስቱንም ሌሊት ከሐዘንተኛው ጋር ያደሩት እኒህ ሰው ናቸው። ተገልጋዩ በቀብራቸው ዕለት ጥቁር ኮቱን ለብሶ እስከ ድንኳኑ በር ደርሶ ነበር። ሰው ጥቅጥቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ባዶ ወንበር የሚታየው መሐል ላይ ብቻ ነው። እዚያ ገብቶ ቢቀመጥና ልቡ ቢነሣበት ሐዘንተኛውን ሁሉ አስነሥቶ መውጣት ሊኖርበት ነው። ተመለሰ። ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል ተባለለት፤ እሱም ሰው እንዳያየው ሦስቱን ቀን ሳይነጋ እየወጣ ከመሸ በኋላ ይገባ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የኖረ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይነገረውም። ከሠርግ መቅረት ይቻላል፤ ውለታ የዋለን ጎረቤት ሳይቀብሩ መቅረት ግን ራስንም ሰፈርንም ፊት ለፊት ለማየት ያሳፍራል።

ከዚህ በፊት ስለነበረው ነገር ስጠይቀው ታሪኩ ወደ አባቱ ሞት ወሰደን። አባቱ ከ14 ወር በፊት ንጋት ላይ፣ ታመምኩ ሳይሉ፣ በልብ ሕመም በድንገት አረፉ። አርባቸው በወጣ በሳምንቱ ተገልጋዩ ወደ ቢሮው ለመውጣት ሰው የሞላበት ሊፍት ውስጥ ገባ። «አምስተኛ ፎቅን ስናልፍ ልቤ ደረቴን ሊሰብር ደረሰ። አየር አጠረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ላብ አጠመቀኝ። አባቴም የሞተው እንደዚህ ነው አልኩ» ሲል ነገረኝ። ባልደረቦቹ ደግፈው ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰዱት። የልቡ የኢሲጂ ምርመራ ጤነኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በተለያዩ የሕክምና ተቋማት የልብ አልትራሳውንድ፣ የደም ምርመራ፣ የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ አደረገ፤ ሁሉም ደህና ሆኖ ተገኘ። «ነርቭ ነው» ተብሎም ማስታገሻ ክኒን ተሰጠው። የቤቱ ቁጠባ በዚህ መንገድ ተመናመነ።

ምርመራው መደረጉ ተገቢ ነበር፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ደረቱን ያመመው፣ ልቡ የሚዘልበት ሰው በመጀመሪያ በሐኪም መታየት አለበት። የልብ ምት መዛባት፣ የእንቅርት ሆርሞን መብዛት፣ የደም ማነስ ሁሉ ተመሳሳይ ስሜት ሊፈጥሩ ይችላሉ። ችግሩ የሚጀምረው «ልብህ ጤነኛ ነው» ከተባለ በኋላ የተሰማው ነገር ምን እንደነበረ የሚያስረዳው ሰው ሲታጣ ነው።

ምን ነበር?

ሊፍቱ ውስጥ የደረሰበት የፓኒክ ጥቃት ነው፤ ይህም በድንገት ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ የሚነካ ብርቱ ፍርሃት ነው። ዲኤስኤም 5 በመባል የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ 13 ምልክቶችን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህ ቢያንስ አራቱ አብረው መታየት አለባቸው። የልብ ምት መፍጠን፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ማዞር፣ መደንዘዝ፣ እሞታለሁ ወይም አብዳለሁ የሚል ፍርሃት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ጥቃቱ ብቻውን ሕመም አይባልም። በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ ደርሶበት በዚያው የቀረ ሰው አለ። የፓኒክ ሕመም የምንለው ጥቃቱ ሳይታሰብ ሲደጋገምና ከዚያ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር «እንደገና ቢመጣስ» የሚለው ሥጋት ሲነግሥ፣ ወይም ሰውዬው ጥቃቱን ለማስቀረት ብሎ አኗኗሩን ሲለውጥ ነው።

የእህቱ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ስልኳ ላይ አንብባ «አጎቴ ትራውማ አለበት» ብላ ነበር። ልጅቱ ለአጎቷ አስባ ነው፤ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ከአሰቃቂ ድርጊት በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም የራሱ መልክ አለው፤ ድርጊቱ ሳይጠሩት በዓይነ ሕሊና ይመላለሳል፣ በቅዠት ይመጣል፣ የሚያስታውሱትን ነገሮች ሁሉ ያሸሻል። ተገልጋዩ የአባቱን ፎቶግራፍ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሏል፣ ስለ እሳቸው ማውራት ይወዳል፣ ያለቅሳልም። ይህ ሐዘን ነው፤ ሐዘን ደግሞ በሽታ አይደለም።

ድብርትስ? ፒኤችኪው 9 በተባለው መጠይቅ 11 ነጥብ አገኘ። መጠይቁ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ ከ10 እስከ 14 ያለው መካከለኛ ይባላል። ዘጠነኛውን ጥያቄ፣ ራስን ስለመጉዳትና ስለ ሞት የሚጠይቀውን፣ በቃል ደግሜ በግልጽ ጠየቅኩት። እንዲህ ያለ ሐሳብ አልነበረበትም። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው አእምሮ ውስጥ አይተክልም፤ ብዙ ጊዜ ሸክም ያቀልላል። የጭንቀት መጠኑን በሚለካው ጋድ 7 ደግሞ ከ21 ውስጥ 17 ሆነ፤ 15 እና ከዚያ በላይ ከባድ የሚባለው ነው። ድብርቱ የመጣው ኑሮው ከጠበበ በኋላ እንደሆነ ከታሪኩ ቅደም ተከተል ግልጽ ነበር።

ባለቤቱ «ሊፍት ነው የሚፈራው» የሚል እምነት ነበራት። ይህን መለየት ለሕክምናው ወሳኝ ነው። ሊፍቱ ተበጥሶ ይወድቃል ብሎ የሚፈራ ሰው የተለየ ፎቢያ፣ ማለትም የአንድ ነገር ብርቱ ፍርሃት፣ አለበት ይባላል። እሱን ግን «ሊፍቱ ውስጥ ምን ይሆናል ብለው ነው የሚሠጉት?» ስለው የሊፍቱን ገመድ አላነሣም። «ልቤ ቢቆም ማን ይደርስልኛል?» አለኝ። የሸሻቸውን ቦታዎች በዝርዝር ስንጽፍ ሊፍት፣ የከተማ ባቡር፣ የባንክ ወረፋ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ የለቅሶ ድንኳን ተደረደሩ። የሚያመሳስላቸው ቶሎ መውጣት ወይም ቶሎ እርዳታ ማግኘት አለመቻሉ ነው። ይህ አጎራፎቢያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬስትፋል አደባባይ መሻገር የሚያስፈራቸውን ታካሚዎች ሲገልጽ ስሙን ሰጠው፤ ዛሬ ግን ጠባብ ቦታንም ሰልፍንም ሕዝብ መጓጓዣንም ያጠቃልላል።

ደብተሩ

በሁለተኛው ቀጠሮ አንድ ደብተር ይዞ መጣ። የደም ግፊት መለኪያ ከፋርማሲ ገዝቶ ኖሮ፣ ጠዋት፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ማታና ከመተኛቱ በፊት የለካውን ሁሉ ጽፎታል። ሂሳብ ሠራተኛ ነውና ገጾቹ በማስመሪያ ተሰምረዋል። ቀን፣ ሰዓት፣ የላይኛው ግፊት፣ የታችኛው፣ የልብ ምት፣ በመጨረሻም «ማስታወሻ» የሚል ዓምድ። የልብ ምቱ ከ90 ባለፈ ቁጥር በቀይ ብዕር ይከበባል። ከቀይ ክቦቹ ቀጥሎ ባለው መስመር ብዙ ጊዜ ሌላ ልኬት አለ፤ ያን ጊዜ ምቱ ይብሱን ከፍ ይላል። ሲፈራ ለካ፤ ሲለካ ፈራ። ደብተሩ የሕመሙን አዙሪት ራሱ መዝግቦት ነበር።

ይህን አዙሪት እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ገልጾታል። ሰውነት ውስጥ ተራ ለውጥ ይከሰታል፤ ደረጃ ወጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ ወይም ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። አእምሮ ይህን ለውጥ «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጓሜው ፍርሃት ይወልዳል፤ ፍርሃቱ አድሬናሊን ያፈስሳል፤ አድሬናሊኑ የልብ ምትን ይጨምራል፤ የጨመረው ምት ለትርጓሜው ምስክር ይሆናል። ሰውዬው አብዝቶ ሲተነፍስ ደግሞ ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣት የሚደነዝዘውና ራስ የሚዞረው በዚህ ነው። አየር አጥሮት አይደለም፤ አብዝቶት ነው። ብዙዎች እወድቃለሁ ብለው ይፈራሉ፤ ሰው ራሱን የሚስተው ግን በአብዛኛው የደም ግፊቱ ሲያሽቆለቁል ነው፤ በፓኒክ ጊዜ ግን ግፊቱ ይጨምራል።

በሰውነቱ ላይ የሚሆነው ነገር ራሱ ጤናማ ነው። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 እንዳስረዳው፣ አደጋ ሲመጣ ለመፋለም ወይም ለመሸሽ ሰውነት የሚዘጋጅበት መንገድ ይህ ነው። የሳተው አደጋውን የለየበት ቦታ ብቻ ነው።

ያቆየው ምንድን ነው?

የጉዳይ ትንታኔ ስንሠራ አራት ጥያቄ እንጠይቃለን፤ ለሕመሙ አስቀድሞ ያመቻቸው ምንድን ነው፣ የቀሰቀሰው ምንድን ነው፣ ያቆየው ምንድን ነው፣ የሚያግዘውስ ምንድን ነው? ሰው ሁሉ፣ ሕመምተኛውም ጭምር፣ በሁለተኛው ላይ ይቆማል። የአባት ሞት ቀሰቀሰው፤ እውነት ነው። ልጅ ሳለ እናቱ ለትንሹም ለትልቁም ልቡን እያዳመጡ ያሳደጉት መሆኑም ምናልባት አመቻችቶ ይሆናል። እኔ ግን ጊዜዬን ያጠፋሁት በሦስተኛው ላይ ነው፤ ሊለወጥ የሚችለው እሱ ስለሆነ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኦርቫል ሆባርት ማውረር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያብራራው ነገር እዚህ ይሠራል። ፍርሃት በአንድ ገጠመኝ ይለመዳል፤ የሚቆየው ግን በሽሽት ነው። ተገልጋዩ ሊፍቱን ትቶ ወደ ደረጃው ሲዞር ወዲያው እፎይ ይላል። ይህ እፎይታ ሽሽቱን ይሸልመዋል። በባህሪ ሳይንስ አሉታዊ ማጠናከሪያ የሚባለው ይህ ነው፤ ቅጣት ማለት አይደለም፤ ደስ የማይል ነገር ሲወገድ ያን ያስወገደው ድርጊት እየጠነከረ መሄዱ ነው። የሚሸሽ ሰው ባይሸሽ ምን ይሆን እንደነበር የሚያይበት ዕድል አያገኝም። ለአንድ ዓመት በየቀኑ «ዛሬም በደረጃ በመውጣቴ ተረፍኩ» ብሎ ያምናል።

ከሽሽቱ ሌላ ረቂቅ ነገር አለ፤ የመከላከያ ባህሪ እንለዋለን። ሰውዬው ቦታው ድረስ ይሄዳል፣ ነገር ግን አንድ መተማመኛ ይይዛል። ተገልጋዩ ዳያዜፓም የተባለውን ማስታገሻ አንዲት ፍሬ በሶፍት ጠቅልሎ የኪስ ቦርሳው ውስጥ ለወራት ይዟት ዞሯል። ውጧት አያውቅም። ታክሲ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም። ውኃ ሳይዝ አይወጣም። ሁለት ጣቱ ሸሚዙ ኮሌታ ሥር ገብቶ አንገቱ ላይ ምቱን ሲቆጥር እኔ ክፍል ውስጥ እንኳ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ወደ ቤተሰቡ ልምጣ። ባለቤቱ በየጠዋቱ ሥራ ቦታው ድረስ አብራው ትሄድ ነበር፤ የራሷን ሥራ ሰዓት አስለውጣለች። እህቱ በቀን ሦስት ጊዜ ደውላ «ልብህ እንዴት ነው?» ትለዋለች። ቡና ልቡን ስለሚያስመታው የእሁዱ ቡና ከቤቱ ቀርቷል። ልጆቹ አባታቸው እንዳይደነግጥ ኳስ ደጅ እንዲጫወቱ ተነግሯቸዋል። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፤ ፍቅር መሆኑን ሁለቱንም ሴቶች ፊት ለፊት አስቀምጬ ነግሬያቸዋለሁ። ግን እያንዳንዱ ጥሪ፣ እያንዳንዱ አጃቢነት ለሰውዬው «ልብህ በእርግጥ አደጋ ላይ ነው» የሚል መልእክት ያደርሳል። የቤተሰብ ማመቻቸት የምንለው ይህ ነው። ሕመሙ ቤተሰቡን ሁሉ ሠራተኛ አድርጎ ይቀጥራል። በባህላችን ታማሚን ብቻውን መተው ነውር ስለሆነ እኛ ጋ ይህ ወጥመድ ከሌላው ይጠልቃል ብዬ አምናለሁ።

ጠበልም ሄዷል፤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ለሱባኤ ሰንብቶ ውስጡ ተረጋግቶ ተመልሷል። ይህን የሚያናንቅ ባለሙያ ተገልጋዩን ያጣዋል። የነፍስ አባቱም ጸሎቱን ሳይተው ሕክምናውን እንዲከታተል መክረውታል፤ ይህ ምክር ለሥራዬ ትልቅ እገዛ ሆነ።

ሕክምናው

መጀመሪያ ስለ መድኃኒት ተነጋገርን። የሥነ ልቦና ባለሙያ መድኃኒት አያዝም፤ ያ የአእምሮ ሐኪም ሥራ ነው። ወደ አእምሮ ሐኪም ልላከው ስል ፊቱ ተለዋወጠ። «አማኑኤል ሊሰዱኝ ነው?» አለኝ። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ሲያገለግል የኖረው የአማኑኤል ሆስፒታል ስም በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ከእብደት ጋር ተሳስሮ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ተመላላሽ ታካሚዎች ታክመው ወደ ሥራቸው የሚሄዱበት ቦታ ነው። በመጨረሻ በአቅራቢያው ያለ የአእምሮ ሐኪም አየው። የድብርት መድኃኒቶች ለፓኒክም እንደሚሠሩ፣ ሲቢቲ የተባለው የሥነ ልቦና ሕክምናም ብቻውን ውጤታማ እንደሆነ አስረዳው። ተገልጋዩ በሁለተኛው መጀመርን መረጠ፤ ካልተሻለው ወደ መድኃኒቱ ሊመለስ ተስማሙ።

ሲቢቲ የሚባለው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ሐሳብን፣ ስሜትንና ድርጊትን አያይዞ የሚያይ፣ የሥራ ዕቅድ ያለው ሕክምና ነው። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለድብርት ያዳበረው ነው፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ሕመሞች ሰፋ። ብዙ ሰው ግን ምክር ሲባል አዛውንት እንደሚመክሩት ይመስለዋል፤ «በርታ፣ አትፍራ፣ ለልጆችህ ስትል» የሚል። ይህን ከእኔ በፊት ብዙዎች ነግረውታል። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤድዋርድ ቦርዲን እ.ኤ.አ. በ1979 የሕክምና ትብብር ሦስት ነገሮችን እንደሚይዝ ጽፏል፤ በግቡ መስማማት፣ በሥራው መስማማትና በመካከል ያለው መተማመን። ግቡን የመረጠው እሱ ነው። እኔ ሊፍቱን የሚል መስሎኝ ነበር፤ እሱ «ድንኳን ውስጥ መሐል መቀመጥ» አለ።

ደብተሩን አልቀማሁትም። አዳዲስ ዓምዶች አሰመርንበት። አንዱ «የተጠበቀው»፣ ሌላው «የሆነው»። በጀትና ክንውንን ማነጻጸር ዕለታዊ ሥራው ስለሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ልዩነቱን የሚመዘግብ ዓምድ እሱ ራሱ ጨመረ። ለፍርሃቱ መጠን ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል፤ ይህን መለኪያ ያስተዋወቀው የአእምሮ ሐኪሙ ጆሴፍ ዎልፔ ነው። የምናደርገው ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥ ይባላል። ዓላማው ሰውን ማደንደን አይደለም፤ የጠበቀው ጥፋት እንደማይደርስ ሰውነቱ በተግባር እንዲማር ነው።

የጀመርነው ከሊፍት ሳይሆን ከስሜቱ ነው። ልቡ በምርመራ ጤነኛ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ አስምም ሆነ የሚጥል በሽታ ስለሌለበት፣ ክፍሌ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ በጥልቀትና በፍጥነት እንዲተነፍስ ጠየቅኩት፤ እኔም አብሬው ተነፈስኩ። ሠላሳ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ጣቶቹን አፍጥጦ ማየት ጀመረ። «ይኸው! እሱ ነው! ሊፍቱ ውስጥ የያዘኝ ይኸው ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ። በገዛ ትንፋሹ የጠራው ነገር በገዛ ትንፋሹ ሲሄድ ተመለከተ። ለአንድ ዓመት የአባቱ ሞት መስሎት የኖረው ነገር ነው። የሕክምናው ግማሽ እዚያች ወንበር ላይ አለቀ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ቀጥሎ ቡና ነበር። ቡና የልብ ምትን እንደሚጨምር፣ ለፓኒክ የተጋለጠን ሰው ጥቃት ሊቀሰቅስበት እንደሚችል እውነት ነው፤ የመረጥነውም ለዚህ ነው። እሁድ ባለቤቱ ከወራት በኋላ ቡና ቆላች። ደብተሩ ላይ «የተጠበቀው» በሚለው ሥር «ልቤ ይዘላል፤ እወድቃለሁ፤ 80» ብሎ ጻፈ። አቦሉን ጠጣ። «የሆነው» በሚለው ሥር ያለው ይህ ነው፦ «ዘለለ። አልወደቅኩም። ቶናውንም ጠጣሁ። ልጆቹ ፈንዲሻ ጨረሱብኝ።» የግፊት መለኪያው በዚያው ሳምንት ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። ክኒኗም ከኪስ ቦርሳው ወጣች፤ ያዘዘለት ሐኪም ተስማምቶበት ነው።

ሊፍቱ ጊዜ ወሰደ። አንድ ፎቅ ከእኔ ጋር፣ ሁለት ፎቅ ከእኔ ጋር፣ ከዚያ እኔ ታች ቆሜ እሱ ብቻውን። እዚህ አንድ እውነተኛ ጥያቄ አነሣ፦ «መብራት ቢጠፋስ?» አይጠፋም ብዬ ላታልለው አልችልም፤ አዲስ አበባ ነው ያለነው። ጥያቄውን ለሁለት ከፈልነው። ሊፍት ሊቆም ይችላል፤ አዎን። ሊፍት ስለቆመ ሰው ይሞታል? ሊፍት አየር የሚገባበት ሣጥን ነው፤ የሚያስከትለው ነገር መዘግየትና መሰልቸት ነው። በሕክምና ውስጥ ሊሆን የሚችለውን ነገር «አይሆንም» ማለት ተገልጋዩን አይረዳም፤ የመጀመሪያው መብራት የጠፋ ቀን እምነቱ ሁሉ ይፈርሳል። እኔ የማስተምረው ቢሆንም መወጣት እንደሚቻል ነው።

ሌላ ፈተናም ነበር። በየቀጠሮው መጨረሻ በሩ ላይ ቆሞ «ግን አልሞትም፣ አይደል?» ይለኛል። መልሱን ባውቅም ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ አልመለስኩለትም። ማረጋገጫ መሻት ራሱ የመከላከያ ባህሪ ነው፤ የእኔ «አይሞቱም» ከክኒኗ የሚለየው በሶፍት አለመጠቅለሉ ብቻ ነው። ይልቅስ «በየጠዋቱ ስምንት ፎቅ የሚወጣ ልብ ስለ ራሱ ምን ይላል?» አልኩት። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ወደ ደብተሩ ይዞት ይሄድ ጀመር።

ለቤተሰቡም የቤት ሥራ ነበራቸው። እህቱ መደወሏን አታቋርጥ፤ ስለ ልቡ ግን አትጠይቅ። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ሳምንት እስከ ልደታ ባቡር ጣቢያ፣ ቀጥሎ እስከ ብሎኩ በር ብቻ ትሸኘው። በባቡሩ ከልደታ ተግባረ ዕድ፣ ከዚያ ሜክሲኮ፣ በመጨረሻ ለገሃር ድረስ፣ በመጀመሪያ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ በኋላ በሥራ መግቢያ ሰዓት ተጓዘ። እህቱ ከሁሉም ተቸገረች። «ሳልጠይቀው ባድር የሆነ ነገር ቢሆንብኝ ምን ይውጠኛል?» ብላ አልቅሳለች። አባቱ የእሷም አባት ነበሩ፤ እሷም ፈርታለች። ለብቻዋ ጊዜ ሰጥቼ አነጋገርኳት።

ማገርሸትና ውጤቱ

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባው በድንገት ሞተ፤ ምክንያቱ ልብ ነው ተባለ። በነጋታው ተገልጋዩ በደረጃ ወጣ፤ በሳምንቱም በደረጃ ወጣ። የግፊት መለኪያው ከቁም ሣጥኑ ተመለሰ። «ሁሉም ነገር ከንቱ ሆነ» አለኝ። ከንቱ አልሆነም። ሩሲያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ እንዳየው በልምድ የተገኘ ምላሽ ሲጠፋ አይፋቅም፤ ከላዩ አዲስ ትምህርት ይደረባል፣ አሮጌው ደግሞ ጊዜ ሲያልፍ ወይም ሁኔታው ሲቀየር ብቅ ይላል። ለጥቂት ቀን መንሸራተትና ወደ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ መመለስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሚለያያቸውም ሰውዬው ከተንሸራተተ በኋላ የሚያደርገው ነው። የመጋፈጡን እርከኖች ከታች ጀምረን እንደገና ወጣናቸው፤ በዚህኛው ጊዜ በጣም ፈጠነ።

የባልደረባው ለቅሶ ላይ ተገኘ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ከመሐል ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንደተቀመጠ፣ ልቡ እንደመታ፣ ፍርሃቱ 70 ደርሶ ንፍሮው ሲዞር ወደ 30 እንደወረደ ደብተሩ ላይ አለ። በሌላ ቀን ደግሞ ባለቤቱን ይዞ ወደ አዛውንቱ ጎረቤት ቤት ሄዶ ለባለቤታቸው ለምን እንደቀረ እውነቱን ነገራቸው። እኔ አላዘዝኩትም። «ልጄ፣ እኔስ ከሞቱ ወዲህ ሌሊት የሚያፍነኝ ምን ይመስልሃል?» አሉት፤ እሳቸውም ሐኪም ዘንድ ሄደዋል።

ሕክምናው ወደ አራት ወር ገደማ ወሰደ። በመጨረሻው ግምገማ ጋድ 7 ወደ 5፣ ፒኤችኪው 9 ወደ 4 ወርደው ነበር። ሊፍት ይጠቀማል፣ በባቡር ይሄዳል፣ ባንክ ይሰለፋል። ጥቃቱ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥቶበታል፤ ባለበት ሆኖ አሳልፎታል። ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ገና አልሞከረም፤ በመስከረም ቤተሰቡን ይዞ ደብረ ብርሃን ሊሄድ አቅዷል፤ ከጉዞው በፊትና በኋላ አንድ አንድ ቀጠሮ ይዘናል።